ስለ ስስ ኮምፒዩተርና ስለ ሙቀቱ

ከገላን እየተመላለሳችሁ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በብዕር የሚጻፍበት ስስ ኮምፒዩተር ስትገዙ ዋጋውንና ክብደቱን ትጠይቃላችሁ፤ ሙቀቱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሰርፌስ ፕሮ፣ ፕሮሰሰሩ 17 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ ማራገቢያ ተሸክሞ ወፈረ። በ2014 ኢንቴል ትራንዚስተሩን አሳንሶ ባወጣው ኮር ኤም ግን ሙቀቱ ወደ 4.5 ዋት ወረደ፤ ያለ ማራገቢያ መሥራትም ተቻለ። የሆነ ሆኖ እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር ሥራ ሲጸናበት እንዳይግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለትምህርት ማስታወሻ ይበቃል፤ ለሕንፃ ንድፍ ግን ያንገላታል።

ተንኰሉ ከዚህ ላይ ነው። በ2016 ኢንቴል ቀድሞ ኮር ኤም5 ይለው የነበረውን ዐይነት ኮር አይ5 ብሎ ሰየመው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ «አይ5 ነው» በሚለው ቃል ብቻ አትርኩ፤ ኮምፒዩተሩን አስከፍታችሁ ሙሉ ቁጥሩን አንብቡ። 7ዋይ54 የሚለው 4.5 ዋት፣ 7200ዩ የሚለው 15 ዋት ነው። የፊተኛው መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይቈጥባል፤ የኋለኛው ረጅም ስሌት ይችላል።