ባትሪ የሚቀየርለት ልብ

ስለ ልብ አጋዥ ፓምፕ ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ደረት ውስጥ ስለሚገባው ብረት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከቆዳ ውጭ ያለው፣ ሕመምተኛው ወገቡ ላይ ታጥቆት የሚዞረው ዕቃ ነው።

አቦት የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሃርትሜት 3 የተዳከመውን የልብ ግራ ክፍል ያግዛል እንጂ ልብን አይተካም። በውስጡ ያለው ሽክርክሪት በማግኔት ኃይል ተንሳፎ ስለሚዞር የሚፈልገው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ችግሩ ወዲህ ነው፤ ፓምፑ ቫልቭ ስለሌለው ኃይል ተቋርጦ ከቆመ ደሙ በመጣበት ተመልሶ ይፈስሳል። ስለዚህ ሆድ ላይ ቆዳን በስቶ የሚወጣው ገመድ ከመቆጣጠሪያው ጋር ይገናኛል፤ ከመቆጣጠሪያው ደግሞ ሁለት ገመዶች ወደ ሁለት ባትሪዎች ይሄዳሉ።

ሁለት የሆኑት አንዱ ሲቀየር ሌላው እንዲሠራ ነው። ሙሉ ሲሆኑ አንድ ላይ እስከ 17 ሰዓት ያገለግላሉ። ሁለቱም ቢነቀሉ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው መጠባበቂያ ባትሪ 15 ደቂቃ ያህል ያቆያል። ሌሊት ግን የባትሪው ማስጠንቀቂያ ድምፅ ላይሰማ ስለሚችል ሕመምተኛው ከግድግዳ ሶኬት ጋር ተያይዞ ይተኛል። (መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት አንባቢ የ15 ደቂቃን ዋጋ ማስረዳት አያስፈልገኝም።)

ባትሪው ቢያንስ ሰዓቱ ያጥራል፤ ቢተልቅ ትከሻ ይጎዳል። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ሃርትሜት 2 የተባለው ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ተተክሎላቸው፣ በ2012 የሰው ልብ እስኪያገኙ ድረስ ባትሪያቸውን ተሸክመው ኖረዋል።

ከባትሪው መጠን ይልቅ ንድፍ አውጪዎችን የፈተነው ግን የሰው እጅ ነው። መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ሕመምተኛው የፓምፑን ገመድ ከአሮጌው ነቅሎ በመጠባበቂያው ላይ መሰካት አለበት። በዚያች ቅጽበት ፓምፑ ቆሟል፤ ራሱን እየሳተ ያለ፣ ምናልባትም ብቻውን የሆነ ሰው ነው ቀዳዳውን የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይፋ እንዳደረገው፣ ከሃርትሜት 2 መቆጣጠሪያ ቅያሪ ጋር በተያያዘ ለኩባንያው 70 ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር። ከእነዚህ 26ቱ ሞት ሲሆኑ፣ ሟቾቹ ሁሉ ቅያሪውን የሞከሩት ከሆስፒታል ውጭ ነው። ከተወሰዱት ማስተካከያዎች አንዱ ገመዱ በየት በኩል እንደሚሰካ የሚጠቁም ምልክት መጨመር ነበር። በዚህ ሁሉ ረቂቅ ምህንድስና መሀል የጎደለው አንድ ምልክት ሆኖ መገኘቱ ያስገርመኛል።

ገመዱን ጨርሶ ለማስቀረትም ተሞክሯል። ቀዳዳው የኢንፌክሽን በር ስለሆነ ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ሌቪቲከስ ካርዲዮ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2018 አስታና፣ ካዛኪስታን ውስጥ በሁለት ሕመምተኞች ላይ ተሞክሯል። ደረት ዙሪያ ከሚታሰር ቀበቶ ኃይል በቆዳ አልፎ ውስጥ የተቀበረውን ባትሪ ይሞላል፤ ቀበቶው ሲወልቅም ፓምፑ በውስጠኛው ባትሪ ለሰዓታት ይሠራል።