የአሮጌ ሲኒማ ቤት እድሳትና የተመልካች ታሪክ

1. መነሻ

የተውኔታችን ታሪክ በአብዛኛው የጸሐፌ ተውኔት ታሪክ ነው። ማን ጻፈ፣ መቼ ጻፈ፣ ማን አዘጋጀ የሚሉት ጥያቄዎች በየጥናቱ ይነሣሉ። ማን ተመለከተ፣ የት ተቀምጦ ተመለከተ፣ ስንት ከፍሎ ገባ፣ ምን እያለ ወጣ የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ መልስ አያገኙም። አንዱ ምክንያት፣ የተመልካች ማስረጃ በመጻሕፍት ቤት ሳይሆን በአዳራሹ ውስጥ መቅረቱ ነው። አዳራሹ ሲታደስ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ አሮጌ ሲኒማ ቤት የማደስ ሥራ ጥንታዊ ጽሑፍን አሰናድቶ ከማሳተም ሥራ ጋር ያለውን ዝምድና ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአዲስ አበባና ከወሎ፣ በተለይም ከሐይቅ ነው።

2. ስም እንደ ማስረጃ

አዳራሽ ስለ ተመልካቹ የሚሰጠው የመጀመሪያው ማስረጃ ስሙ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አለው። ይህን ስም ባለቤቱ አልሰጠውም፤ ማስታወቂያም አልወጣለትም። በጨለማ ግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው ያየ ተመልካች ራሱ የሰጠው ሐያሲያዊ አስተያየት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉም እንዲሁ የሚነበብ ነው። ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ ሆኖም ስሙ ብቻውን ወደ አዳራሹ ማን መግባት እንደሚችል ይነግረናል።

3. ከሲኒማ ማርኮኒ ወደ ቴአትር

በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው የተለወጠ ሲኒማ ቤት ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሕንፃውን ጣልያኖች በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው ጀመሩት፤ ሳይጨርሱትም ወረራው አበቃ። በኋላ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ለውጦ አጠናቀቀውና በ1948 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። በምረቃው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ እንደገና ተለወጠ። አንዱ ቤት ሦስት ስም፣ ሦስትም ዘመን አለው ማለት ነው።

ለውጡ የስም ብቻ አይደለም። ሲኒማ ቤትና ቴአትር ቤት የሚሠሩበት ሥርዓት ይለያያል። ሲኒማ ቤት የሚያስፈልገው ከፊት ሸራ፣ ከኋላ ደግሞ የማሳያ ክፍል ነው። ጥልቅ መድረክ፣ የጎን መግቢያ፣ የተዋንያን ክፍል አይፈልግም። እስከ 1940ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠል ስለነበር የማሳያ ክፍሉ ግድግዳ ወፍራም፣ የብርሃን መውጫ ቀዳዳዎቹም ጠባብና በብረት መዝጊያ የሚዘጉ ይሆኑ ነበር። ድምፁ ከሸራው ጀርባ ከተቀመጡ ድምፅ ማጉያዎች ስለሚመጣ ሸራው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ነው፤ አዳራሹም የገደል ማሚቶ እንዳይፈጥር ድምፅ እንዲውጥ ተደርጎ ይሠራል። ያለ ማጉያ ለሚናገር ተዋናይና ለማሲንቆ ግን አዳራሹ ድምፁን በመጠኑ መመለስ አለበት።

ስለዚህ አሮጌ ሲኒማ ቤት የሚያድስ ሰው የግድ ይመርጣል። እነዚያን ጠባብ ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ከደፈነ ግድግዳው ያማረ ይመስላል፤ ቤቱ ሲኒማ እንደነበር የሚያሳየው ምልክት ግን ተደመሰሰ። ከዚህ የከበደም ጉዳይ አለ። በወረራው ዘመን የጣልያን የዘር መድልዎ ሕግ ሲኒማ ቤቶችን ጭምር ይለያይ ነበር። በዚያ ዘመን በተሠራ ቤት ውስጥ የሚገኝ የተለየ በር ወይም የተለየ መወጣጫ የዚያ መለያየት ምስክር ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር ከፈረሰ ምስክሩ ጠፋ።

4. ከሐይቅ የምንማረው

በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በኅዳጉና በባዶ ገጾቹ ላይ በኋላ ዘመን የተጨመሩ የገዳሙን ንብረት የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ይገኛሉ። እነዚያን ማስታወሻዎች «መጽሐፉ መጀመሪያ እንደ ነበረው ይሁን» ብሎ የፋቀ የለም። ዛሬ የገዳሙን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከወንጌሉ ቃል ይልቅ ኅዳጉን የሚመረምረው ለዚህ ነው።

በ1956 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ የወጣው የቅርስ እድሳት ቻርተርም በመሠረቱ ይህንኑ ይላል፦ ግምት ከሚጀምርበት ላይ እድሳት ይቁም፤ አዲስ የተጨመረው ከነባሩ ተለይቶ ይታወቅ፤ የየዘመኑ አሻራ ይከበር። ጥንታዊ ጽሑፍ አሰናድቶ የሚያሳትም ሊቅ የጎደለውን ቃል በቅንፍ እንደሚያስገባ፣ ልዩ ልዩ ንባቦችን በግርጌ እንደሚያሰፍር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አዳራሽ ከመጽሐፍም ከፊልምም የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መጽሐፍ ይገለበጣል። ፊልምም ኔጋቲቭ አለው፤ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ2006 እ.ኤ.አ. ቦሎኛ ውስጥ ሊታደስ የቻለው የፊልሙ ጥሬ ዕቃ በመኖሩ ነው። አዳራሽ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። አንድ ጊዜ ከተፋቀ የሚመሳከርበት ነገር አይገኝም።

5. ትናንሽ ከተሞች

ይህ አደጋ የሚከፋው በትናንሽ ከተሞች ነው። በዋና ከተማ ጋዜጣው፣ ፎቶግራፉ፣ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጥቂትም ቢሆን ይቀራል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ፣ ከዚያም አልፎ በአምባሰል እንደ ውጫሌ ባሉ ከተሞች ግን ሁኔታው ሌላ ነው። በደርግ ዘመን በእንዲህ ያሉ ከተሞች የስብሰባው፣ የኪነቱና የፊልሙ ቤት አንድ አዳራሽ ነበር። ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ድምፃውያን የታዩበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የሚታወሰው በመድረኩ ነው፤ ከመድረኩ ፊት ለፊት ስለተቀመጠው ሕዝብ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የአምባሰልን ቅኝት አድማጩ እንዴት ይቀበለው እንደነበር የምናውቀው ከአዛውንት ትዝታ ብቻ ከሆነ፣ ትዝታው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

«የከተማው ሰው የሚፈልገው የማያፈስ ጣራና የማይሰበር ወንበር እንጂ ሙዚየም አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። አዳራሽ የሚኖረው ሲሠራበት ነው። እኔ የምለው ቀለም አይቀባ አይደለም፤ ከመቀባቱ በፊት ይመዝገብ ነው።

ሥራው ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው፣ በሮቹና የማሳያው ክፍል በፎቶግራፍና በልኬት ይያዙ። ቀጥሎ የቲኬት ጉራጅ፣ የማስታወቂያ ወረቀት፣ የሂሳብ ደብተር ከመጣሉ በፊት ይሰብሰብ። ሦስተኛ፣ ቲኬት ይቆርጡ፣ በር ይጠብቁ፣ ፊልም ያሳዩ የነበሩ ሰዎች ይጠየቁ፤ ቋንቋውን ሳያውቅ የሕንድ ፊልም ዘፈን በቃሉ ያጠና ተመልካችም አይረሳ። በመጨረሻም አዳራሹ በየዘመኑ የተጠራባቸው ስሞች ሁሉ፣ የቅጽል ስሞቹ ጭምር፣ ይመዝገቡ።

ይህን የሚሠራው መሐንዲሱ አይደለም፤ የእሱ ሥራ ጣራው ነው። ቃልንና ኅዳግን ማንበብ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሙያ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ አሮጌ አዳራሽ ሊታደስ ነው ሲባል ከቀለም ቀቢው ቀድሞ የሚደርስ ተማሪ ካለን የተመልካቻችንን ታሪክ መጻፍ እንችላለን። ከሌለን ተውኔቱን ይዘን የታየለትን ሕዝብ እናጣለን።