«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው»፦ በግንባታ ሥራ ላይ የሚነገሩ ስድስት ተረቶችና እውነታቸው

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በአማራ ክልል ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ ከተማ፣ ምእመናን የማርያምን በዓል ለማክበር ተሰብስበው ሳለ በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደረመሰ። ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ።

እንዲህ ያለው ርብራብ ለጎጃም ደጋም እንግዳ አይደለም። በዲማም ሆነ በደብረ ማርቆስ ግድግዳ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ፣ በምስማርና በሽቦ ተያይዞ ይቆማል። ሰው ሲወድቅ ወይም አፈር ሲጫነው የሚነገሩት ቃላትም በየቦታው ይመሳሰላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ስህተት ናቸው።

ተረት፦ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነው።»

እውነታ፦ የዓለም ሥራ ድርጅት በግንባታ ሥራ ላይ በየዓመቱ ቢያንስ 60,000 ሰዎች በአደጋ እንደሚሞቱ ገምቷል። አሟሟታቸው ግን በጥቂት መንገዶች የሚጠቃለል ነው፦ ከከፍታ መውደቅ፣ በሚወድቅ ዕቃ መመታት፣ በኤሌክትሪክ መያዝ፣ በማሽን መገጨት፣ በአፈር መቀበር። ዕድል ቢሆን ኖሮ በየአገሩ በነዚሁ መንገዶች ባልተደጋገመ ነበር። ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

ተረት፦ «ባሕር ዛፍ አይከዳም፤ አባቶቻችንም የሠሩት በእሱ ነው።»

እውነታ፦ ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የጎጃም ጥንታውያን አድባራት ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። እንጨቱ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚከዳው መገጣጠሚያው ነው። እርጥቡ ግንድ በፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ትናንት ጠብቆ የገባው ምስማር ይላላል፣ ሽቦውም ይረግባል። ልጡ ያልተላጠ እንጨት ከማሰሪያው ሥር ይንሸራተታል። አፈር ውስጥ የተተከለው እግር ክረምቱን ሲጠጣ ይበሰብሳል፣ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። ከሁሉም በላይ ለሁለት ግንበኛና ለጥቂት ባልዲ ሲሚንቶ የታሰበ ርብራብ ብዙ ሰው ሲወጣበት አይችልም።

ተረት፦ «ሦስት ሜትር ምን አላት? ዘልዬ እወርዳለሁ።»

እውነታ፦ ከሦስት ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አስቦ የሚዘል ሰው እግሩን ያዘጋጃል፤ ተንሸራቶ የሚወድቅ ግን ለመያዝም ለመዞርም ጊዜ የለውም። በጭንቅላት ወይም በጀርባ ካረፈ ሄልሜት ብቻውን አያድነውም። የሚያድነው በርብራቡ ጫፍ ወገብ ላይ የሚደርስ መከላከያ አግዳሚ፣ ክፍተት የሌለው መረማመጃና የታሰረ መሰላል ነው።

ተረት፦ «መሬቱ ደረቅ ነው፤ ጉድጓዱ አይናድም።»

እውነታ፦ በጎጃም ደጋ በብዙ ቦታ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ይሰነጠቃል። የጉድጓዱ ግድግዳ ተገንጥሎ የሚወርደውም በዚያ ስንጥቅ ነው። በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖ እንኳ ሊታፈን ይችላል፤ አፈሩ ደረቱን ጨምቆ ስለሚይዘው መተንፈስ ያቅተዋል። ሊያወጣው የሚዘልም በሁለተኛው ናዳ ይያዛል። ስለዚህ ከአንድ ሜትር ተኩል የጠለቀ ቦይ ጎኑ ተዳፋት ይሆናል ወይም በጣውላ ይደገፋል። የወጣው አፈርም ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል።

ተረት፦ «አቧራውን ወተት ያጥበዋል።»

እውነታ፦ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ አቧራው የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። ድንጋይ ሲፈለጥ ወይም ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚነሣው የሲሊካ ብናኝ በዓይን የማይታይ ነው። ከዓመታት በኋላ በሳንባ ላይ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ጉዳቱን የሚመልስ መድኃኒትም የለም። ለሠራተኛ ወተት መስጠት መልካም ምግብ መስጠት ነው፤ ብናኙን የሚቀንሰው ግን እየቆረጡ ውኃ ማርከፍከፍና ፊት ላይ በትክክል የሚገጥም የብናኝ መከላከያ ጭምብል ነው።

ተረት፦ «የቀን ሠራተኛ ነው፤ ውል ስለሌለው ካሳ የለውም።»

እውነታ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቃል ውልም ውል ነው። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባለመስጠቱ የሠራተኛው መብት አይቀርም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። የመከላከያ ዕቃ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳየትም ግዴታው ነው። በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ የገባ ሠራተኛ ግን ይህን መብት ሊያጣ ይችላል።

ሠራተኛው ሥራ ላይ እንደነበረ አብረውት የዋሉት ሰዎችና ፎርማኑ ጧት ጧት ስም የሚጠራበት ደብተር ያስረዳሉ። ያ ደብተር ከመዘጋቱ በፊት በርብራቡ ዙሪያ አንድ ጊዜ መዞር፣ የላላውን ማሰሪያ ማጥበቅ፣ የቦዩን ስንጥቅ ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።