መንገዱን የሳተ ሞገድ፦ የልብ ምት መዛባት በፊዚክስ ዓይን ሲታይ

ጤናማ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በእጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች፣ ሁለት ጣቱን አሳርፎ የደም ሥሩን ትርታ ያዳመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ትንፋሽ ሲሳብ ጥቂት ይፈጥናል፤ ሲወጣ ጥቂት ይዘገያል፤ ከዚህ በቀር ሥርዓቱን አይለቅም። ሆኖም በዓለም ላይ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ትርታ ይህን ሥርዓት አያሳይም። አንዱ ምት ቶሎ ይመጣል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ ይጠነክራል፣ ሌላው እስከማይሰማ ድረስ ይደክማል። ሐኪሞች ይህን መዛባት «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» ይሉታል። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይርገፈገፋሉ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ከሚቆዩት የልብ ምት መዛባቶች መካከል በብዛት የሚገኘውም ይኸው ነው።

ይህ ጸሐፊ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለ ጉዳዩ ብዕር ለማንሣት ያበቃው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሕመሙ በመሠረቱ የሞገድ ችግር መሆኑና ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት በማያልፍ ስሌት ሊብራራ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ በበለጸጉት አገሮች የአረጋውያን ሕመም ተብሎ የሚታወቀው ይህ መዛባት በእኛ አገር ወጣቶችን የሚያጠቃበት የራሱ መንገድ ያለው መሆኑ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ቦታ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

የልብ የኤሌክትሪክ ሥርዓት

የሰው ልብ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ የላይኞቹ ደም ይቀበላሉ፤ ሁለቱ የታችኞቹ ደግሞ ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይረጫሉ። የሥራቸው ቅደም ተከተል የሚጠበቀው በኤሌክትሪክ ነው። በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ሳይነስ ኖድ የተባለ አነስተኛ የሕዋሳት ስብስብ አለ፤ በ1907 ለዓለም ያስተዋወቁትም ብሪታንያውያኑ አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ ናቸው። ይህ ስብስብ ከአንጎል ትእዛዝ ሳይጠብቅ የኤሌክትሪክ ምልክት ያመነጫል። ምልክቱ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተላለፈ በላይኞቹ ክፍሎች እንደ ሞገድ ይሰራጫል፤ በደረሰበትም ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ ወደ ታች ለማለፍ አንድ በር ብቻ አለው። ይህ በር ኤቪ ኖድ ይባላል፤ ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ በ1906 በዝርዝር ገልጾታል። በሩ ሞገዱን ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ያቆየዋል፤ በዚያች ቅጽበት የላይኞቹ ክፍሎች የያዙትን ደም ወደ ታች ገፍተው ይጨርሳሉ።

ይህ ሞገድ በኩሬ ላይ ድንጋይ ሲወረወር ከምናየው ሞገድ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። ሁለት የውኃ ሞገዶች ሲገናኙ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ጉዞውን ይቀጥላል። ሁለት የልብ ሞገዶች ሲገናኙ ግን ሁለቱም ይጠፋሉ። ምክንያቱም እያንዳንዱ የልብ ሕዋስ አንድ ጊዜ ከተነሣሣ በኋላ ለአጭር ጊዜ ሌላ ምልክት አይቀበልም። ይህን ጊዜ «የዕረፍት ጊዜ» እንበለው። ለዚህ የሚስማማው ምሳሌ በበጋ በደረቀ ሣር ላይ የሚሮጥ እሳት ነው። እሳቱ ከኋላው አመድ ትቶ ይሄዳል፤ ሣሩ እንደገና እስኪበቅል ድረስ ወደ ተቃጠለው ቦታ ሊመለስ አይችልም፤ ከሁለት አቅጣጫ የመጣ እሳትም ሲገናኝ የሚበላው አጥቶ ይከስማል። በጤናማ ልብ ውስጥም እያንዳንዱ ሞገድ የላይኞቹን ክፍሎች ካዳረሰ በኋላ መሄጃ ስለሚያጣ ይከስማል። ጡንቻውም ዐርፎ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ራሱን የሚያሳድድ ሞገድ

እሳቱ በክብ መንገድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ቢለቀቅስ? መንገዱ አጭር ከሆነ፣ እሳቱ ዞሮ ሲመጣ የሚያገኘው አመድ ስለሆነ ይጠፋል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ግን እስኪመለስ ድረስ ሣሩ በቅሎ ይጠብቀዋል፤ እሳቱም ያለማቋረጥ ይዞራል። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሜየር በ1906 ጄሊፊሽ ከተባለው የባሕር እንስሳ አካል በቀለበት መልክ በተቆረጠ ሥጋ ላይ ይህንኑ አሳየ፤ አንዲት ሞገድ በቀለበቱ ላይ ለቀናት ስትዞር ታየች። እንግሊዛዊው ጆርጅ ማይንስ በ1913 እና በ1914 ባወጣቸው ጽሑፎች ነገሩን ወደ ልብ ጡንቻ አመጣው። ማይንስ ገና በ28 ዓመቱ ቢሞትም ያስቀመጠው መመዘኛ እስከ ዛሬ ይሠራል። መመዘኛው እንዲህ ነው፦ የሞገዱን ፍጥነት በዕረፍት ጊዜው ብናባዛ፣ ሞገዱና ከኋላው የሚጎትተው «አመድ» አንድ ላይ የሚይዙትን ርዝመት እናገኛለን። የመንገዱ ዙሪያ ከዚህ ርዝመት ከበለጠ ሞገዱ ሊዞር ይችላል፤ ካነሰ አይችልም።

አሁን ግምታዊ ቁጥሮችን እንስጥ። በጤናማ የላይኛ ክፍል ውስጥ የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 0.8 ሜትር፣ የዕረፍት ጊዜው 0.25 ሰከንድ ነው ብንል፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የጤናማ ግራ የላይኛ ክፍል ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንደ ክብ ብንቆጥረው ዙሪያው 12.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞገዱ ከመንገዱ ይረዝማል፤ ስለዚህ መዞር አይችልም። ይህ ክፍል በሕመም ምክንያት ተለጥጦ 6 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ዙሪያው ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። የተጎዳ ጡንቻ ሞገዱን ያዘገየዋል፤ የዕረፍት ጊዜውም ሊያጥር ይችላል። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር፣ ዕረፍቱ 0.15 ሰከንድ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 7.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀድሞ አንድ ሞገድ እንኳ ያልበቃው ቦታ አሁን ከሁለት በላይ ይይዛል። እርግጥ እውነተኛው ልብ ቀለበት አይደለም፤ ሞገዶቹም ይሰነጣጠቃሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ይሁን እንጂ የነገሩ ፍሬ በዚህ ስሌት ውስጥ አለ። ዋልተር ጋሬይ በ1914 የሚርገፈገፍ የልብ ጡንቻን እየቆራረጠ ሲመረምር፣ ቁራጩ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ መርገፍገፉ በራሱ እንደሚቆም ማረጋገጡም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ እንዲህ ያሉ የተዘበራረቁ ሞገዶች የላይኞቹን ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ ያነሣሡአቸዋል። ኤቪ ኖድ ሁሉን አያሳልፍም፤ የሚያሳልፈውም ያለ ሥርዓት ነው። ለዚህ ነው በእጅ አንጓ ላይ የሚሰማው ትርታ የሚዛባው። ኔዘርላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን በ1906 ባሳተማቸው የልብ ኤሌክትሪክ ሥዕሎች ውስጥ የዚህ መዛባት ሥዕል ይገኝበታል። ከዚህም በላይ ሕመሙ ራሱን ይመግባል። በማስትሪኽት ከተማ በፍየሎች ላይ ተሠርቶ በ1995 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መርገፍገፉ በቆየ ቁጥር የጡንቻው የዕረፍት ጊዜ እያጠረ፣ መርገፍገፉም ለማቆም እያስቸገረ ይሄዳል።

አደጋው የት ላይ ነው?

ሰው በዚህ ሕመም ወዲያው አይሞትም፤ የታችኞቹ ክፍሎች ሥራቸውን ይቀጥላሉና። ልብ ድው ድው ሊል፣ ትንፋሽ ሊያጥር፣ ጉልበት ሊከዳ ይችላል፤ ምንም ምልክት የማይሰማውም ብዙ ነው። ዋናው አደጋ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ በፈሳሹ ላይ ነው። የማይኮማተር ክፍል ውስጥ ደም ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ይረጋል። ከግራው የላይኛ ክፍል ጎን እንደ ኪስ ያለች ትንሽ ቅጥያ አለች። የቫልቭ ጉዳት በሌለባቸው ሕሙማን፣ በዚህ ክፍል ከሚገኘው የረጋ ደም 90 በመቶ ያህሉ የሚቋጠረው በእርሷ ውስጥ ነው። የረጋው ደም ተነቅሎ ከሄደ የአንጎልን ደም ቅዳ ይደፍናል፤ ውጤቱም ስትሮክ ነው።

በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ 5,070 ሰዎችን ለ34 ዓመታት በመከታተል በ1991 የታተመው ጥናት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበት ሰው በስትሮክ የመጠቃት ዕድሉ ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ አመለከተ። ከዚሁ ከተማ በ1978 የወጣ ቀደም ያለ ጥናት ደግሞ፣ መዛባቱ ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር ሲጣመር አደጋው ወደ አሥራ ሰባት እጥፍ እንደሚደርስ ገልጾ ነበር። ይህ ሁለተኛው ቁጥር እኛን ይመለከታል።

ከጉሮሮ እስከ ልብ

በበለጸጉት አገሮች የዚህ መዛባት ዋና ዋና መንሥኤዎች ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የአልኮል መጠጥ ናቸው። እነዚህ በእኛም አገር አሉ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ሌላ መንገድ አለ። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ ቶንሲል የምንለው፣ በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የልብን ቫልቮች ያቆስላል። በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለው ማይትራል ቫልቭ ጠባሳ ይዞ ይጠብባል። ደም በጠባብ በር ለማለፍ ስለሚቸገር ከበሩ በላይ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የላይኛው ክፍልም ዓመታት በፈጀ ጊዜ ይለጠጣል። ከላይ የሠራነው ስሌት እዚህ ላይ ሥጋ ለብሶ ይታያል፤ መንገዱ ረዝሟል፣ ጡንቻው ጠባሳ ይዟል፣ ሞገዱ መዞሪያ አግኝቷል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ የልብ ሕሙማንን የመዘገበ «ሬመዲ» የተባለ ጥናት ነበር። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ሲሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው 21.8 በመቶ የሚሆኑት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበረባቸው። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ብዙዎቹ ከዚያ ዕድሜ እምብዛም አይርቁም።

ሕክምናው

ሕክምናው ሦስት ግቦች አሉት፦ ደም እንዳይረጋ ማድረግ፣ የልብን ፍጥነት መቀነስ፣ የሞገዱን ሥርዓት መመለስ።

የመጀመሪያው ግብ ሕይወት አዳኙ ነው። ለዚህ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ዋርፋሪን ታሪኩ የሚጀምረው ከከብት መኖ ነው። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የስዊት ክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው እየፈሰሰ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ፖል ሊንክ ቡድን ምክንያት የሆነውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ከዚያ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። የተለያዩ ጥናቶች ተጠቃለው በ2007 ሲታዩ፣ የቫልቭ ጉዳት በሌለባቸው ሕሙማን ዘንድ ዋርፋሪን ስትሮክን በ64 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ታውቋል። ይሁን እንጂ መጠኑ ካነሰ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ደም ይፈሳል። ስለዚህ ደም በየጊዜው መመርመር አለበት። በጎመን ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በጾም ወራት ጎመን አብዝቶ በፍስክ የሚተው ታካሚ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። በሬመዲ ጥናት ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱት መካከል መድኃኒቱ በሚፈለገው ልክ ሲሠራ የተገኘው 28.3 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር።

ከ2009 ጀምሮ የደም ክትትል የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ በብዙ አገሮችም ዋርፋሪንን ተክተዋል። ለሩማቲክ ሕሙማንም ይበልጣሉ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሕሙማንን ያሳተፈውና በ2022 የታተመው «ኢንቪክተስ» ግን ተቃራኒውን አሳየ። ሪቫሮክሳባን ከተባለው አዲስ መድኃኒት ይልቅ የዋርፋሪን ወገን መድኃኒቶችን የወሰዱት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ሕዝብ ላይ የተገኘን ውጤት እንዳለ ወደ ራስ ሕዝብ ማምጣት እንደማያዋጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛውን ግብ በተመለከተ፣ የኤቪ ኖድን በር የሚያጠብቡ መድኃኒቶች አሉ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 ከጻፈለት ተክል የቅርብ ዘመድ የተገኘው ዲጎክሲን ከእነርሱ አንዱ ነው።

ሦስተኛው ግብ ለፊዚክስ ተማሪ ይበልጥ የሚማርክ ነው፤ እያንዳንዱ ዘዴ ከማይንስ መመዘኛ አንዱን ክፍል ይነካልና። እንደ አሚዮዳሮን ያሉ መድኃኒቶች የዕረፍት ጊዜውን ያስረዝማሉ፤ ሞገዱም ከመንገዱ እንዲረዝም ያደርጋሉ። በርናርድ ላውን በ1962 ያስተዋወቀው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕዋሳቱን በአንድ ጊዜ አነሣሥቶ ሣሩን በሙሉ ያቃጥለዋል፤ ሞገዶቹ የሚሮጡበት ያጣሉ። ጄምስ ኮክስ በ1987 የጀመረው ቀዶ ሕክምና የላይኞቹን ክፍሎች በጠባሳ መስመሮች ከፋፍሎ፣ ልክ እንደ ጋሬይ ቁራጮች፣ ለመዞር እንዳይበቁ ያደርጋቸዋል።

በ1998 በፈረንሳይ በቦርዶ ከተማ ሚሼል ኤሴጌርና ባልደረቦቹ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ መጀመሪያ እሳቱን የሚጭረው ማን ነው? በ45 ሕሙማን ላይ ካገኟቸው 69 የመነሻ ነጥቦች 65ቱ ከሳንባ ወደ ልብ በሚገቡት ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በቀጭን ቱቦ ገብቶ የእነዚህን ሥሮች አፍ ዙሪያ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ማጠር የተለመደ ሕክምና ሆኗል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በማይክሮሰከንድ በሚለካ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ የሕዋሳቱን ሽፋን የሚበሳ ዘዴ ተጨምሯል። የልብ ጡንቻ ከአካባቢው ጉሮሮና ነርቭ ቀድሞ ስለሚጎዳ ዘዴው ጎረቤቱን ይበልጥ ይቆጥባል ተብሎ ይታመናል።

የመጀመሪያው ሰንሰለት

ይህ ሁሉ ድንቅ ምርምር ነው። ዋጋውም ውድ ነው፤ ውድ ማሽንና ለዓመታት የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። በሩማቲክ መንገድ የሚመጣው መዛባት ግን ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀለበት ላይ ሊበጠስ ይችላል። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ በፔኒሲሊን ሲታከም ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ የደረሰበት ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ ሐኪም እስካዘዘለት ጊዜ ድረስ ሳያቋርጥ ሊወስድ ይገባል። መርፌው ቫልቩን ከተጨማሪ ጠባሳ ይጠብቃል፤ ቫልቩ ካልጠበበ ክፍሉ አይለጠጥም፤ ክፍሉ ካልተለጠጠም ሞገዱ መዞሪያ ለማግኘት ይቸገራል።