ፍሪሲዮን ሲለወጥ ቮላኖው ይመርመር

በሰሜን ወሎ ከሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም በድልብ አቀበት በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣ መኪና ያለ ጤነኛ ፍሪሲዮን ሊዘልቅ አይችልም። ሞተሩ እያጓራ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ከሸተተ፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት እንደ ጀመረ ዕወቁ። እንዲህ ያለው መኪና ከነጭነቱና ከነተሳፋሪው አቀበት መካከል ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለንብረቶች ሸራውን ብቻ ያስለውጡና ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ አዲሱ ሸራ የሚያርፍበት ቮላኖ ካልተመረመረ ሥራው ገና ግማሽ ነው።

ለመሆኑ ቮላኖ ምንድን ነው? ቮላኖ ወይም ፍላይዊል ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ በብሎን የታሰረ ከባድ ክብ ብረት ነው። ቮላኖም ፍሪሲዮንም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው መፋተግ ማለት ነው። የቮላኖ ተግባር ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሞተር ጉልበት የሚመጣው በተቆራረጠ ፍንዳታ በመሆኑ፣ ቮላኖው በክብደቱ ዙረቱን ያስተካክላል። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ያለው ጥርስ ከሞተሪኖው ጋር ተያይዞ ሞተሩን ያስነሣል። ሦስተኛ፣ ለስላሳ ፊቱ ከሸራው ጋር ተጣብቆ ጉልበቱን ወደ ካምቢዮው ያሳልፋል።

ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት የቮላኖው ፊት እጅግ ይግላል። ከዚህም የተነሣ ሰማያዊ ነጠብጣብና የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይታይበታል። ሸራው አልቆ የሸራ ማሰሪያው ብረት ከነካው ደግሞ በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት ያወጣል። ባልተስተካከለ ፊት ላይ የተገጠመ አዲስ ሸራ በሙሉ ገጹ አያርፍም። ስለዚህ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ሸራውም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

እንግዲህ ካምቢዮው በወረደ ጊዜ ቮላኖውን አጽድታችሁ ተመልከቱ፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያም በፊቱ ላይ አጋድማችሁ ጉድጓድ መኖሩን ለዩ። ፊቱ ደልዳላና ንጹሕ ከሆነ ቅባቱን ማስለቀቅ ይበቃል። ቀላል ጭረት ወይም ነጠብጣብ ካለበት ይታረም። ጠልቆ የገባ ስንጥቅ ካለው፣ ወይም አምራቹ ከወሰነው ውፍረት በታች ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ይለወጥ። በኃይል የሚሽከረከር የተሰነጠቀ ብረት ሊፈነዳ ይችላልና፣ በዚህ ላይ መቆጠብ በነፍስ መጫወት ነው።

ማረሙም ጥንቃቄ ይሻል። ሰማያዊው ነጠብጣብ ያረፈበት ቦታ ከሌላው ብረት ይልቅ የጠነከረ ስለሆነ፣ የቶርኖው ስለት ቦታውን ዘሎ እብጠት ሊተው ይችላል። ስለዚህ በመሞረጃ ድንጋይ በሚሠራ መሣሪያ ማስተካከሉ ይመረጣል። አንዳንዱ ቮላኖ ደግሞ ደረጃ አለው፤ ይኸውም ሸራው የሚያርፍበትና ተጫኙ ሳህን የሚታሰርበት ፊት ከፍታቸው ይለያያል። ከአንደኛው የተላጠው ያህል ከሌላውም ካልተላጠ፣ ሳህኑ ሸራውን የሚጫንበት ኃይል ይዛባል። ከልክ በላይ መላጥ ቮላኖውን ያሳሳዋል፤ ሙቀት የመቋቋም ችሎታውንም ይቀንሰዋል።

በብዙ ዘመናዊ የናፍጣ መኪኖች ላይ የሚገኘውና በውስጡ ጥቅል ሽቦዎች ያሉት ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ግን በአብዛኛው አይላጥም፤ የሁለቱ ክፍሎች ንቅናቄ ከተፈቀደው ካለፈ ይለወጣል።

ከመግጠማችሁ በፊት ከዋናው ዘንግ ጫፍ ዘይት የሚያፈስ መሆኑን እዩ። ዘይት የነካው ሸራ አዲስ ቢሆንም ይንሸራተታልና። ብሎኖቹንም በሰያፍ እያፈራረቃችሁ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ አጥብቁ።

ካምቢዮ ማውረድና መልሶ መስቀል ብዙ ድካምና ወጪ አለው። ቮላኖውን ሳይመረምር የገጠመ ሰው ያንኑ ድካም ሁለተኛ ይከፍለዋል፤ መርምሮ የወሰነ ግን አንድ ጊዜ ከፍሎ በሰላም ይጓዛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለጋራዥም ይሠራል።