ከቆርቆሮ ጣራ በላይ፤ ስለ ቋሚ አንቴናና ስለ ሁለቱ መሬቶች

ባለፈው የካቲት ከመካከላችን የአንዱ አክስት የሆኑት እትዬ ወደ በርበሬ በረንዳ አስጠሩን። ጉዳያቸው አጭር ነበር። «እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችኋል፤ ይኼ ራዲዮ ግን እንደ ወፍጮ ይጮኻል» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከጎናቸው ያለው ወፍጮ በርበሬ መፍጨት ሲጀምር ራዲዮውም አብሮ ይፈጫል። ጣራው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው ቆርቆሮ፥ በሩም ብረት ስለሆነ ሞገዱ በየት ቀዳዳ ይግባ? እኛ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች መሆናችንን ብናስረዳቸውም «ትምህርት ትምህርት ነው» ብለው መሰላሉን አቀረቡልን። ስለዚህ ከምህንድስና ወንድሞቻችን እየጠየቅን፥ ከዚያም ጣራ ላይ እየተሳሳትን የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞገድ ርዝመት ነው። እትዬ የሚያዳምጡት ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በሴኮንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። ሞገዱ በሴኮንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ 300ን ለ97.1 ብናካፍል አንዱ ሞገድ 3 ሜትር ከ9 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። የዚህ ሩብ 77 ሳንቲም ነው። በብረት ላይ ግን የኤሌክትሪኩ ሁኔታ ከባዶ አየር ጥቂት ስለሚለይ ከመቶ አምስት ያህል ይቀነስለታል። ስለሆነም 73 ሳንቲም የሚሆን ዘንግ ቀጥ ብሎ ቢቆም ለዚያ ጣቢያ የተመጠነ ሩብ ሞገድ አንቴና ነው።

ይሁን እንጂ ሩቡ ብቻውን ጎደሎ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ዘንጉ ሲወጣ ያንኑ ያህል በሌላ ወገን የሚመለስበት ያስፈልገዋል። ሙሉው አንቴና ሁለት ሩቦች ያሉት ግማሽ ሞገድ ነው። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 በኢጣልያ አገር አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን መሬት ውስጥ ሲቀብረው ምልክቱ ኮረብታ አልፎ ተሰማ። ምድር ለዘንጉ እንደ መስተዋት ሆነችለት፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ምስል የጎደለውን ሩብ ተካለት ማለት ነው። ነገር ግን አፈር ደካማ መስተዋት ነው፤ ኃይሉን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጆርጅ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ጥናት ለመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች 120 ያህል የመዳብ ሽቦ በምሰሶው ዙሪያ እንደ ፀሐይ ጨረር ዘርግቶ መቅበር እንደሚጠቅም አሳየ። ሞገዱ አጭር ሲሆን ግን መቅበር አያሻም። እንደ ዘንጉ ሩብ ሞገድ የሚሆኑ ጥቂት በትሮች ከሥሩ ወደ ጎን ቢዘረጉ፥ አንቴናው የራሱን መሬት ተሸክሞ ጣራ ላይ ይወጣል። የታክሲና የፖሊስ መኪና አንቴናም የመኪናውን ጣራ መሬት አድርጎ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። ዘንጉን በእንጨት ምሰሶ ላይ አሰርን፤ የዲሽ ገመድ ገዝተን የመሐሉን ሽቦ ከዘንጉ ጋር አገናኘን፤ በዙሪያው ያለውን የሽቦ ጉንጉን ግን «ይህ ለመከላከያ ነው» ብለን ቈርጠን ተውነው። ራዲዮው ጣቢያውን ያዘ፤ ወፍጮው ግን እንዳለ መጣ፤ እንዲያውም ባሰበት። ምክንያቱ በኋላ ሲገለጥልን አፈርን። ዘንጉ መመለሻ ሲያጣ የራሱን መሬት ከገመዱ ውጫዊ ጉንጉን ላይ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ገመዱ በሙሉ፥ ከጣራው እስከ መደርደሪያው፥ በወፍጮው ሞተር አጠገብ የሚያልፈውም ጭምር፥ አንቴና ሆነ። ሞተሩ የሚረጨውን ብልጭታ ሁሉ እየሰበሰብን በእጃችን ወደ ራዲዮው አስገባነው።

ቀጥለን ጉንጉኑን ከቆርቆሮው ጣራ ጋር አገናኘነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሰፊ ቆርቆሮ መልካም መስተዋት ነው። ዳሩ ግን የሠፈሩ ጣራ አንድ ወጥ አይደለም፤ ዝገት በዝገት ላይ የተደራረበ፥ ምስማሩ የላላ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ክዳኑ እየተነካካ ይለያያል፤ ራዲዮውም እንደ ተጠበሰ ሽምብራ ይንጣጣል። ስለዚህ ምናለሽ ተራ ወርደን አራት የአሉሚኒየም በትር በየ77 ሳንቲሙ አስቈረጥን፤ ከጣራው ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ባለ የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ አራቱን ከጉንጉኑ ጋር፥ ዘንጉን ደግሞ ከቱቦውና ከበትሮቹ በፕላስቲክ ለይተን ከመሐሉ ሽቦ ጋር አሰርን። ገመዱንም ከአንቴናው ሥር በመዳፍ ስፋት አምስት ጊዜ ጠመጠምነው፤ ጥምጥሙ በጉንጉኑ ውጭ የሚሾልከውን ሞገድ ያግደዋል። ወፍጮው ዝም ባይልም ከራዲዮው ውስጥ ወጣ።

አሁን ስለ ማጣጣም። ገመድም አንቴናም ለሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ የየራሳቸው መጠን አላቸው፤ በኦም ይለካል። የመርካቶ ተሸካሚ ኩንታል በርበሬ ከጀርባው ወደ መኪና ሲያወርድ የመኪናው ወለል ከጀርባው እኩል ከሆነ ጆንያው ተንሸራቶ ይገባል፤ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግን ይንገጫገጫል፥ ከፊሉም ይፈስሳል። የሞገድም ነገር እንደዚሁ ነው፤ መጠኖቹ ካልተስማሙ ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። በትሮቹ በአግድም ከተዘረጉ የሩብ ሞገድ አንቴና 36 ኦም ገደማ ነው። በትሮቹ ወደ ታች እየታጠፉ ሲሄዱ አንቴናው ቀስ በቀስ ወደ ቀጥተኛው ግማሽ ሞገድ ይጠጋል፤ የዚያ መጠን ደግሞ 73 ነው። ስለዚህ በመካከል፥ በ45 ዲግሪ ገደማ፥ 50 ኦም ይገኛል፤ ይህም ለማሠራጫ መሣሪያ የተለመደው የገመድ መጠን ነው። በትር በማጠፍ ብቻ ሒሳብ ሲታረም ማየት በእውነቱ ደስ ይላል። የዲሽ ገመድ ግን 75 ኦም ነው። በአግድም በትር ቢሠራ ከመቶ 12 ያህል ኃይል ይመለሳል፤ በትሩ በ45 ዲግሪ ሲታጠፍ የሚመለሰው ወደ 4 ይወርዳል።

ይህን ካልን በኋላ ግን አንባቢን ማሞኘት አንፈልግም። ለሚያዳምጥ ሰው ከመቶ 12 መጕደሉ በጆሮ አይለይም። ማጣጣም ዋና ጉዳይ የሚሆነው ለሚያሠራጭ ነው፤ የተመለሰው ኃይል መሣሪያውን ሊያግለው፥ ሊያቃጥለውም ይችላል። ማሠራጨት ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ፍላጎቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጥሪው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሆነውን የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ጠይቁ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ከሥራው በኋላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ «ብረት አቁማችሁ መብረቅ ልትጠሩብን ነው?» አለ። እኛም «መሬት አለው እኮ» ብለን አራቱን በትሮች አሳየን። ይህ ከስሕተታችን ሁሉ የከፋው ነበር። «መሬት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ሸፍኖብን ኖሯል። አራቱ በትሮች ለሞገድ መሬት ናቸው፤ ለመብረቅ ግን በአየር ላይ የተንጠለጠለ ብረት እንጂ ሌላ አይደሉም። መብረቅ የሚፈልገው እውነተኛውን ምድር ነው፤ መንገድ ካልተሠራለት በገመዱ በኩል ወደ ሱቁ ይገባል።

አንድ የሠፈር ሠራተኛ ምሰሶውን ከመብራቱ ኒውትራል ሽቦ ጋር ላገናኘው ሲል እትዬ ራሳቸው ከለከሉት፤ ደግም አደረጉ። ያ ሽቦ አንድ ቀን ቢበጠስ የብረት ምሰሶውና ገመዱ ኮረንቲ ይይዛሉ፤ የነካውንም ይገድላሉ። ትክክለኛው እንደሚከተለው ነው። ከሁለት ሜትር የማያንስ የመዳብ ዘንግ ከቤቱ ውጭ ይተከላል፤ ከምሰሶው ግርጌ ወፍራም ሽቦ ሳይጠማዘዝ በአጭሩ ይወርድለታል፤ የገመዱም ጉንጉን ወደ ቤት ሳይገባ በፊት ከዚያው ጋር ይያያዛል። ቤቱ ለመብራቱ የተተከለ ኧርዝ ካለው ሁለቱ ዘንጎች በወፍራም ሽቦ መገናኘት አለባቸው፤ አለዚያ መብረቅ በወደቀ ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት በራዲዮው ውስጥ ያልፋል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ ለባለሙያ ኤሌክትሪሻን ሰጠነው፤ ድፍረታችን እዚያ ድረስ አልሄደም።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። እርጥብ ዋልካ ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል፤ በበጋ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይለያል። ጨው በዙሪያው መነስነስ ይረዳል፤ ነገር ግን መዳቡን ይበላዋል፥ ክረምትም አጥቦ ይወስደዋል። ከሰል መጨመሩ ይሻላል። እትዬ ከሁለቱም ይልቅ የሱቁን የእጅ መታጠቢያ ውሃ በየማታው እዚያ ላይ ማፍሰሱን መረጡ።

እንዲህም ሆኖ በቀጥታ ከሚወድቅ መብረቅ የሚያድን ዋስትና የለም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በእንጦጦ ላይ ደመና ሲጠቁር እትዬ ገመዱን ከራዲዮው ነቅለው በመስኮት ወደ ውጭ ያወጡታል፤ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስም ወፍጮውን ብቻ ያዳምጣሉ።