ለሕፃናት ምግብ ፕሮግራሞች እህል የማቅረብ ጨረታ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ብቁ ተወዳዳሪ የሚሆኑበት መንገድ

የተማሪዎች ምገባና የሕፃናት ተጨማሪ ምግብ ፕሮግራሞች እህልና ጥራጥሬ በብዛት ይፈልጋሉ። በደሴ ዙሪያ ደጋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ወደ ኮምቦልቻና ቃሉ ሲወረድ ደግሞ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ የሚያመርተው ገበሬ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል የዚህ ገበያ ተካፋይ ሊሆን ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንድ ማኅበር ከጨረታ የሚወጣው በዋጋ ሲበለጥ ብቻ አይደለም። ዋጋው ሳይታይ በሰነድ ጉድለት ሊወድቅ ይችላል፤ ካሸነፈም በኋላ እህሉ ከመጋዘን በር ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱ የጨረታ ማስታወቂያ ሲወጣ ሳይሆን እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ መጀመር አለበት። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት የሥራ አመራር አባላት በዚህ ረገድ ሊያሟሏቸው የሚገቡትን ነጥቦች ያስረዳል።

1. የተወዳዳሪው ብቁነት

የፌዴራል መንግሥት ግዢ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። የክልል መሥሪያ ቤቶች የሚመሩት በክልሉ የግዢ ሕግ ነው። በመሆኑም በቅድሚያ ገዢው ማን እንደሆነና በየትኛው ሕግ እንደሚገዛ ከጨረታ ሰነዱ መረዳት ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ/ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ (ቁጥር 985/2009) መሠረት የተሰጠ የምዝገባ ማስረጃ፤
ለ/ ለሥራው አግባብ ያለው የታደሰ ፈቃድ፤
ሐ/ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የዘመኑን የግብር ግዴታ ስለመወጣት የተሰጠ ማስረጃ፤
መ/ በአቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ ስለመመዝገብ የሚያስረዳ ማስረጃ፤
ሠ/ የጨረታ ማስከበሪያ።

ማኅበሩ ከአንዳንድ ግብር ነፃ ቢሆን እንኳ ማስረጃውን ከማቅረብ ነፃ አይሆንም። ነፃ መሆኑንም በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርበታል። የፈቃድ እድሳት ቀን ያለፈበት ማኅበር መጋዘኑ በእህል ቢሞላም ተወዳዳሪ አይደለም።

ማኅበሩ እህል ከማቅረብ አልፎ ለሕፃናት የሚሆን ድብልቅ ዱቄት አዘጋጅቶ መሸጥ ከፈለገ ጉዳዩ ሌላ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ አምራቾችን የሚመለከት በመሆኑ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ወፍጮ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

2. የማስከበሪያው ገንዘብ

ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር 500 ኩንታል ስንዴ በኩንታል 5,000 ብር ለማቅረብ ቢወዳደር ጠቅላላ ዋጋው 2,500,000 ብር ይሆናል። ሰነዱ 2 በመቶ የጨረታ ማስከበሪያ ቢጠይቅ 50,000 ብር፣ ካሸነፈ በኋላ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ቢጠየቅ 250,000 ብር ማስያዝ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ለአባላት የሚከፈለው የእህል ዋጋና የማጓጓዣው ወጪ አለ። ገዢው ክፍያውን የሚፈጽመው ከርክክብ በኋላ ከሆነ ማኅበሩ እስከዚያ በምን እንደሚቆይ አስቀድሞ ከዩኒየኑና ከባንኩ ጋር መነጋገር አለበት።

3. የእህሉ ብቁነት

ለሕፃናት የሚቀርብ እህል መስፈርቱ የሚጠብቀው ያለ በቂ ምክንያት አይደለም።

ሻጋታ፦ በማሽላ፣ በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በመፈጨትም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለምግብ በሚውል እህል ውስጥ በኪሎ 2 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ቢ1 ሲፈቅድ ለሕፃናት በሚዘጋጅ የእህል ምግብ ግን 0.1 ብቻ ይፈቅዳል፤ ይኸውም 20 እጥፍ ያነሰ ነው። በጉድጓድ የተከማቸ ማሽላ ርጥበት ስለሚስብ ለዚህ ጨረታ መቀላቀል የለበትም።

ርጥበት፦ እህሉ ወደ መጋዘን ሲገባ ርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ በሌለበት ቦታ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና በፀሐይ የደረቀ ጨው አድርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል ደጋግሞ መነቅነቅ፣ ከዚያም ማሳረፍ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ እህሉ እንደገና ይሰጣ። ጨው አለመጣበቁ ግን 13 በመቶ መድረሱን አያረጋግጥም፤ ከርክክብ በፊት በመለኪያ መታየት አለበት።

ጓያ፦ ይህ ጉዳይ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደላንታና ዳውንት በድርቅ ጊዜ ጓያን አብዝተው ከተመገቡት መካከል ብዙ ወጣቶች እግራቸው ሽባ ሆኗል። በሽታው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ጓያ ተከክቶ ከአተር ወይም ከሽምብራ ክክ ጋር ሲቀላቀል ለመለየት ያስቸግራል፤ ሽሮ ሆኖ ከተፈጨ ጭራሽ አይታወቅም። ስለዚህ ጥራጥሬ ከአባላት መረከብ ያለበት ሳይከካና ሳይፈጭ ነው።

የነቀዝ መድኃኒት፦ በክኒን መልክ የሚሸጠው ፎስቶክሲን ሰውንም የሚገድል መርዝ ነው። አባላት በየቤታቸው በከረጢት ውስጥ እንዳይጨምሩ ማስጠንቀቅ ይገባል። አየር የማያስገባ ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዝን ይከላከላል፤ ነገር ግን የሚገባበት እህል በደንብ የደረቀ መሆን አለበት።

4. ከአባላት አረካከብ

500 ኩንታል ከ250 አባላት ሁለት ሁለት ኩንታል ቢሰበሰብ የአንዱ ሰው ሻጋታ የሁሉንም እህል ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ከረጢት ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ናሙና ተወስዶ ይታይ፤ የአባሉ መለያ ቁጥር ይጻፍበት፤ የወደቀው ለብቻው ይቀመጥ። እህሉ በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር። መልሰን ብናስከፋው ይቀየመናል ተብሎ የይሉኝታ እህል መረከብ ውሎ አድሮ ማኅበሩን ያስከፍላል።

5. የሚላላውና የማይላላው

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን ጨምሮ በ20 አገሮች በጀመረው ከአነስተኛ ገበሬዎች የመግዛት ሙከራ ጨረታውን ለገበሬ ድርጅቶች ብቻ እስከ መክፈትና የማስከበሪያ ግዴታን እስከ ማንሳት የደረሰባቸው ጊዜዎች ነበሩ። ብራዚልም በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ለተማሪዎች ምገባ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው የቤተሰብ እርሻ ምርት እንዲገዛበት ደንግጋለች። ከእነዚህ የምንረዳው የግዢው መጠን በትንንሽ ሊከፋፈል፣ ማስከበሪያውም በሌላ ዋስትና ሊተካ እንደሚችል ነው። ማኅበራት ሰነዱ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። የእህሉ ጥራት ግን በልመና የሚላላ አይደለም፤ ተመጋቢው ሕፃን ነውና።

6. የሥራ ቅደም ተከተል

ከመስከረም እስከ ጥቅምት ፈቃድና የግብር ማስረጃ ማሳደስ፣ ከባንክ ጋር መነጋገር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጨዳ በደረቅ ቀን እንዲሆን፣ ውቂያው በሸራ ወይም በተለቀለቀ አውድማ ላይ እንዲካሄድ መምከር። በጥር እህሉን ማድረቅ፣ ማበጠር፣ መርምሮ መረከብ። በልግ አምራች በሆኑ የደጋ ቀበሌዎች የአጨዳውና የርክክቡ ሥራ በበልጉ ምርት ወቅት ይደገማል።

የልማት ሠራተኛው ተግባር የጨረታ ማስታወቂያ ማንበብ ብቻ አይደለም። የማኅበሩን ሰነዶች የሚያበቁበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ በየአውድማውም እየተገኘ እህሉ መድረቁን ይመልከት። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች የበረታ ማኅበር ማስታወቂያው በወጣ ዕለት የሚቀረው ዋጋውን ማስላትና ፖስታውን ማሸግ ብቻ ይሆናል።